ዳማን አሜሪካ ለማድረስ፣ ከቲኬቱ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ፣ ትንሽ አሳጥሬው፣ ይህ ነው።

«ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በክረምቱ እናቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ መጥቼ፣ ገርጂ ቤታችን በር ላይ ከምትተኛ አንዲት የጎዳና ውሻ ጋር ተላመድኩ። ዳማ አልኳት። አጠገባችን ያለው ሕንፃ ዘበኛ አልፎ አልፎ ፍርፋሪ ይጥልላታል እንጂ ባለቤት የላትም። የኋላ እግሯን መኪና ገጭቷት ታነክሳለች። መስከረም ላይ ወንድሜ የእብድ ውሻ ክትባት አስከትቧታል፤ ቺፕ ግን የላትም። እናቴ ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 15 ወደ እኔ ስለምትመጣ ይዛት እንድትመጣ አስቤአለሁ። አንድ ደላላ ወረቀቱን በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ብሎኛል። ይሆናል ወይ? ለእኔ ባይመቸኝ እንኳ እዚህ ተቀብላ የምታሳድጋት ጓደኛ አለችኝ።»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ፦ ይሆናል፤ ለጥር 15ም ሊደርስ ይችላል። በሁለት ሳምንት ግን አይሆንም። ወንድምሽ መስከረም ላይ ያስወጋት ክትባትም ለጤናዋ ጠቅሟታል እንጂ ለዚህ ጉዞ አይቆጠርላትም። ወንድምሽ እንዳይቀየመኝ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ማንም አልነገረውም።

እኔ ቢሾፍቱ ተምሬ ከወጣሁ ወዲህ የምሠራው አዲስ አበባ፣ የውሻና የድመት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚመጡልኝ የግቢ ውሾች ናቸው፤ ሰንሰለት የለመዱ፣ ሌባ እንዲያስፈራሩ የተገዙ። ነሐሴና መስከረም ላይ ግን ከውጭ የመጡ ልጆች የሰፈር ውሻ አስከትለው ይገባሉ። አብዛኞቹ ብቅ የሚሉት መመለሻቸው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ሻንጣው ተጭኖ፣ በርበሬውና ሽሮው ተመዝኖ፣ የቀረው ውሻው ብቻ ሆኖ። አንቺ ሦስት ወር ሲቀርሽ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው።

ከቺፑ ልጀምር። የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ በመስታወት የታሸገች ነገር ናት። ከተለመደው ወፈር ባለ መርፌ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር ትገባለች። ባትሪ የላትም፤ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ውሻዋ የት እንዳለች በስልክ አትናገርም። ማንበቢያው ሲጠጋት 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ትሰጣለች፣ በቃ። ነገር ግን ያ ቁጥር ከሌለ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ክትባት የዳማ ይሁን የሌላ ዳማ ውሻ ማን ያውቃል? ገርጂ ብቻ ስንት ዳማ ውሻ አለ? ስለዚህ የአሜሪካኑ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የሚቀበለው ቺፑ ከገባ በኋላ የተሰጠ ክትባትን ብቻ ነው። በአንድ ቀን ሁለቱን ማድረግ ይቻላል፤ ቺፑ ይቀድማል፣ ማንበቢያው ቁጥሩን ያሳያል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ከዚያ ክትባቱ። ከመስከረሙ ክትባት ሁለት ወር ሳይሞላ ዳማ እንደገና መከተቧ አይጎዳትም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት ተጓዥ ውሻ የክትባት ወረቀት ስሞላ፣ እጄ እንደለመደው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩት። ውጭ ሆኖ ለሚያነበው ሰው ውሻዋ ሳትወለድ የተከተበች ሆነች። ሰርዤ እንዳላስተካክል ደግሞ ስርዝ ድልዝ ያለበት የጉዞ ወረቀት የተጭበረበረ ይመስላል። ሌላ ክትባት፣ ሌላ 30 ቀን መጠበቅ መጣ፤ የሁለተኛውን ክትባት ዋጋ እኔው ቻልኩት፣ የተቃጠለውን ቲኬት ግን ማን ይቻለው። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን በፈረንጅ፣ ወሩን ደግሞ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ነው የምጽፈው። በቁጥር ከሆነ እኛ ቀኑን እናስቀድማለን፣ እነሱ ወሩን፤ የእኛ 5/12 ለእነሱ ሜይ 12 ነው። ሐኪምሽ እኔም ሆንኩ ሌላ፣ ወረቀቱን ከመቀበልሽ በፊት ቀኖቹን በጣትሽ እየነካሽ አንብቢያቸው።

አሁን ወደ መጠበቁ እንምጣ፦ ከክትባቱ እስከ ደም ምርመራው 30 ቀን፣ ደሙ ከተቀዳ እስከ ጉዞው 28 ቀን፤ ሰው ሁሉ የሚያማርረው እሱን ነው። «ከተከተበች በቃ፣ 30 ቀን ምን ይሠራል? ከዚያ ደግሞ 28 ቀን?» ይሉኛል።

የእብድ ውሻ በሽታ፣ ሬቢስ፣ እንደ ሌላው በሽታ በደም አይሮጥም። ቫይረሱ ከተነከሰው ቦታ ተነስቶ ነርቭን ተከትሎ ወደ አንጎል ያዘግማል። መንገዱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ውሻዋ ትበላለች፣ ጅራቷን ትቆላለች፣ ምንም የላትም። አንጎል ከደረሰ በኋላ ነው ወደ ምራቅ የሚወርደው፤ ምልክቱ ከታየ ደግሞ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ትሞታለች። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ፓስተር ሂድ» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እምብርት ዙሪያ በየቀኑ ይሰጥ የነበረውን መርፌ የቀመሱ ታላላቆች አሉን። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ ይገመታል፤ ለሰው የሚደርሰውም ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ ነው።

እንግዲህ 30ው ቀን ክትባቱ ሥራውን የሚሠራበት ነው። ሰውነቷ መከላከያውን ካመረተ በኋላ ደሟ ተቀድቶ ይለካል፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ያለው 28 ቀን ደግሞ ለሌላ ጥርጣሬ ነው። ዳማ ከመከተቧ በፊት በአንድ ሌሊት፣ አንቺም ወንድምሽም ሳታዩ፣ በታመመ ውሻ ተነክሳ ቢሆንስ? ቫይረሱ ቀድሞ መንገድ ከጀመረ ክትባቱ ላይደርስበት ይችላል። ያ ጊዜ በሽታው ካለ እዚሁ እንዲገለጥ ነው፤ አሜሪካ ሶፋ ላይ ከልጆች ጋር ተቀምጣ ሳለ እንዳይሆን።

አሜሪካኖቹ ይህን ያህል ያጠበቁት በከንቱ አይደለም። የውሻውን የሬቢስ ዝርያ ከአገራቸው ማጥፋታቸውን ያወጁት እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። (የሌሊት ወፉና የራኩኑ ዝርያ ዛሬም አለባቸው፤ እሱ ሌላ ነው።) በ2020 ብቻ ያልተሟላ ወይም የተጭበረበረ የሬቢስ ወረቀት ይዘው የገቡ ከ450 በላይ ውሾች ተቆጠሩ። ቀጥሎ በጁን 2021፣ ልክ እንደ አንቺ ደግ ባሰቡ ሰዎች አማካይነት፣ 33 ውሾችና አንዲት ድመት ከአዘርባጃን በቺካጎ በኩል ገቡ። ከውሾቹ አንዱ ፔንስልቬንያ አዲስ ቤቱ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ታመመ፤ ሲመረመር ሬቢስ። አብረውት የመጡት በየክፍለ ግዛቱ ተበትነው ስለነበር እያንዳንዳቸውን፣ የነኳቸውንም ሰዎች፣ መፈለግ ግድ ሆነ። በቀጣዩ ወር፣ ጁላይ 14፣ ከመቶ በላይ ከሚሆኑ ሬቢስ ከሚበዛባቸው አገሮች ውሻ ማስገባት ታገደ። ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ውስጥ ናት፤ ዛሬም አለች። እገዳው ተነስቶ አሁን ያለው ደንብ የተተካው በኦገስት 1 ቀን 2024 ነው። አባቶች «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ፤ እዚህ ቀዳጁ ውሻው ሳይሆን ወረቀቱን የፈበረከው ሰው ነው።

ስለዚህ ደላላሽ በሁለት ሳምንት የሚጨርሰው ወረቀት አለ፤ የዳማ ደም ሳይቀዳ የሚያልቅ ወረቀት ማለት ነው። አየር ማረፊያ ላይ ተይዞ ውሻዋ ስትመለስ ወጪው የባለቤቷ ነው፤ ቆማ የምትጠየቀው ደግሞ ደላላው ሳይሆን እናትሽ ናት። ለእሱ የምትከፍዪውን ለላብራቶሪው ክፈዪ።

ለዳማ ቀኑን አብረን እንቁጠር። ወራችን 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል። ኅዳር 1 ቀን ቺፕ ገብቶላት ብትከተብ ታኅሣሥ 1 ሲሆን 30 ቀን ይሞላታል። እኔ በጠርዝ ላይ መሥራት ስለማልወድ ደሙን ታኅሣሥ 5 እቀዳለሁ። ከዚያ 28 ቀን ጥር 3 ላይ ያልቃል። በቀን ሒሳብ ጥር 15 ይመቻል ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ላብራቶሪው ነው፤ ናሙናው የሚላከው ወደ ውጭ፣ ሲዲሲ ወደሚቀበላቸው ላብራቶሪዎች ነው፤ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው ከታወቁት አንዱ ነው። ጉዞው አለ፣ ወረፋው አለ፣ በመሃል የፈረንጅ ገናና አዲስ ዓመት አለ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ የክትባትና የቺፕ ማረጋገጫው ቅጽ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም መፈረምና መታተም አለበት፤ የእኔ የግል ክሊኒክ ማኅተም ብቻውን አይበቃም። የእኛም ገናና ጥምቀት በዚያው ሰሞን መሆኑን አትርሺ፤ ቢሮ የምታገኚው በመሃሉ ነው። ኅዳር 1 ወደ ኅዳር 10 ከተንሸራተተ ግን ጥር 15ን እርሺው። እናትሽ ትሂድ፣ ዳማ ትከተላለች።

ያለ ደም ምርመራው መግባት ጭራሹን አይቻልም ማለት አይደለም። ውጤት የሌላት ውሻ እዚያ በተመዘገበ ማቆያ 28 ቀን ኳራንቲን ትገባለች፣ ሒሳቡም በባለቤቷ ነው። ለቤት ውስጥ ውሻ እንኳ ከባድ ነው። ሰማይ እያየች ላደገች ውሻ፣ ከአውሮፕላን ወርዳ አንድ ወር የብረት በር ውስጥ? እኔ አላደርገውም።

ዳማ ስትመጣ ምን እንደምናደርግ ላሳይሽ፤ ብዙ ሰው ሥራው መርፌ መውጋት ብቻ ይመስለዋል። የጎዳና ውሻ ጠረጴዛ ላይ ስትወጣ አብዛኛውን ጊዜ አትናከስም፣ ድርቅ ትላለች። ጅራቷ ሆዷ ሥር ይገባል፤ ዓይኗን ከአንቺ ታሸሻለች፤ ሳትበላ ከንፈሯን ትልሳለች። ከመዳፏ የወጣ ላብ ብረቱ ላይ እርጥብ ዱካ ይተዋል። አስታማሚው «እንዴት ጨዋ ናት!» ይላል። ጨዋነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው፤ የፈራች ውሻ ደግሞ በመጨረሻ መናከስ ትችላለች። ስለዚህ ፋሻ አፏ ላይ ሁለቴ አዙሬ ከጆሮዎቿ በስተኋላ አስራለሁ። የፊት እግሯን ከክርኗ በታች እላጭና ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም እቀዳለሁ። ቱቦው ሳይናጥ ቆሞ ደሙ ይረጋል፤ ከዚያ ማሽኑ ያሽከረክረዋል። ከላይ የሚንሳፈፈው የጠለለ ጠጅ የመሰለው ፈሳሽ፣ ሲረሙ፣ እሱ ነው የሚጓዘው። ቀላ ካለ ደሙ ተሰባብሯል ማለት ነውና ደፍቼ እንደገና እቀዳለሁ። ቱቦው ላይ የሚለጠፈው «ዳማ» የሚል ስም ብቻ አይደለም፣ ያ ባለ 15 አኃዙ ቁጥር ነው።

ወንድምሽ ሲያመጣት እሷን ለመያዝ መጋደል የለበትም። ድንገት ጥርሷ ካገኘው፣ የተከተበች ናት ብሎ አይተወው፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጸበል ከዚያ በኋላ።

ዕድሜዋን ከጥርሷ አየዋለሁ። አሜሪካ የምትገባ ማንኛዋም ውሻ ስድስት ወር የሞላት መሆን አለባት፤ ክረምት ላይ ያየሻት ትልቅ ውሻ ከሆነች ዳማ ለዚህ አታሰጋም። ይልቅ እግሯን ራጅ ማንሳት አለብን። ተሰብሮ ጠሞ የገጠመ አጥንት ከሆነ ከእሱ ጋር ኖራበታለች፣ ትጓዛለች፤ የወለቀ ዳሌ ከሆነ ግን ከጉዞው በፊት መታከም አለባት። ሌላው፣ ባለቤቶች አፍረው የማይጠይቁኝ፣ የአዲስ አበባ የጎዳና ውሾች ላይ ደጋግሜ የማየው የአባላዘር ዕጢ ነው። በብልቷ በኩል ደም ጠብ የሚል ከሆነ ሁሌ ወር አበባ እንዳይመስልሽ፤ ከውስጥ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ሲነካ የሚደማ ሥጋ ሊሆን ይችላል። በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ነው፣ ግን ደስ የሚለው በቪንክሪስቲን በሳምንት አንዴ እየተወጋች በጥቂት ሳምንት ይሟሟል። ካለባት ዛሬ መጀመር አለብን፤ ከጉዞው በፊት የሚያልቀው እንዲያ ከሆነ ነው። የመዥገር በሽታ፣ በተለይ ኤርሊኪያ የሚባለው፣ በፈጣን የደም ምርመራ ይታያል፤ በዶክሲሳይክሊን ይታከማል። ማምከኑን ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለን እናደርገዋለን፤ ስፌቷ ሳይደርቅ አውሮፕላን ላይ መውጣት የለባትም።

ስለ ሳጥኑ ከዛሬ ጀምሪ። አየር መንገዶች የሚጠይቁት ቆማ ጆሮዋ ጣራውን ሳይነካ፣ ዞራ መተኛት የምትችልበት ጠንካራ ሳጥን ነው። ሳጥኑን የጉዞው ዕለት ገዝቶ ውሻዋን መክተት ጭካኔ ነው። አሁኑኑ ይገዛና በሩ ክፍት ሆኖ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። ከውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ጥግ ላይ ከሥጋ ቤት የመጣ ቁራጭ። ገብታ ትብላና ትውጣ፤ ማንም በሩን አይንካ። ሳምንት ካለፈ በኋላ እየበላች ለደቂቃ ይዘጋ፣ ከዚያ ለአምስት፣ ከዚያ ለሌሊት። ለጥምቀት ሰሞን ራሷ ገብታ የምትተኛ ከሆነ ግማሹ ጉዞ አልቋል። የሚያስተኛ መድኃኒት ስጠኝ እንዳትዪኝ፤ ደንዝዛ ሳጥን ውስጥ የወደቀች ውሻ የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ሚዛኗን መጠበቅ፣ ሙቀቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ አየር መንገዶችም የደነዘዘች ውሻ አይቀበሉም።

ቲኬቱ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ከኢትዮጵያ የምትመጣና ውጭ አገር የተከተበች ውሻ አሜሪካን መርገጥ የምትችለው ሲዲሲ የመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ባለባቸው ጥቂት አየር ማረፊያዎች ብቻ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው የደለስ (Dulles) አየር ማረፊያ ከእነሱ አንዱ መሆኑ ለአንቺ ዕድል ነው። እናትሽ በሌላ ከተማ ወርዳ በአገር ውስጥ በረራ ብትቀጥል ግን ዳማ ከመጀመሪያው ማረፊያ አታልፍም። ማቆያው ላይ ቀድሞ ቦታ መያዝ አለበት። ዳማ ከእናትሽ ሻንጣ ጋር አትወጣም፤ ወደ ማቆያው ትወሰዳለች፣ ሐኪም ያያታል፣ ቺፑን ያነቡታል፣ ወረቀቷን ከቁጥሩ ጋር ያመሳክራሉ፣ የአሜሪካ ክትባት ደግመው ይወጓታል። እናትሽ ይህን ከአሁኑ ታውቅ፤ «ውሻዬን ወሰዱብኝ» ብላ አየር ማረፊያ ላይ እንዳትደነግጥ። የሲዲሲ የውሻ ማስገቢያ ቅጽ በኢንተርኔት የሚሞላ፣ በነጻ የሚገኝ ነው፤ እሱን ለመሙላት ብር የሚጠይቅሽ ካለ ከደላላው ጋር አንድ ላይ አሰናብቺው።

ስለ ጓደኛሽ የጻፍሽውን ዓረፍተ ነገር በቀላሉ አላለፍኩትም። አንቺ የራስሽን ውሻ ማምጣትና ለሌላ ሰው የምትሰጪውን ውሻ ማምጣት በአሜሪካ ሕግ ሁለት ነገር ነው። ለጉዲፈቻ የምትመጣ ውሻ፣ ገንዘብ ባትቀበዪባትም፣ እንደ ሽያጭ ትቆጠራለች፤ ከግብርና መሥሪያ ቤታቸው፣ ከዩኤስዲኤ፣ የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋታል፣ ከሬቢስ ሌላ የዲስቴምፐርና የፓርቮ ክትባቶችም። ስለዚህ አሁን ወስኚ። የአንቺ ከሆነች ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ በስምሽ ትሁን። «ባይመቸኝ እሰጣታለሁ» ብለሽ የምትጀምሪ ከሆነ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ ገና ለጉዞው ዝግጁ አይደለሽም እላለሁ። የአዲስ አበባ ውሻ አፓርታማ ስትገባ መጀመሪያ አይመቻትም። ሊፍት አታውቅም፣ ደረጃ ትፈራለች፣ ምንጣፍ ላይ ትሸናለች፤ ጥር ላይ ሜሪላንድ ደግሞ በረዶ ነው። እኔ ያዘጋጀኋት አንዲት ውሻ ሦስት ቀን ከአልጋ ሥር አልወጣችም፤ ባለቤቷ እያለቀሰች ደወለችልኝ። «ምግቡን አስቀምጠሽላት ራቂ፣ አትለምኛት» አልኳት። በአራተኛው ሌሊት ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ «ለጓደኛዬ ልስጣት» የምትዪ ከሆነ ዳማ ሁለተኛ ስትጣል ነው።

አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች እንዳትቀሩ፣ በአጭሩ፦ ቺፕ፣ ክትባት፣ 30 ቀን፣ ደም የሚለው ቅደም ተከተል አይለወጥም። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ውሻ ግን ደሙ ከተቀዳ በኋላ የሚጠበቀው 28 ቀን ሳይሆን ሦስት ወር ነው። እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ፊንላንድና ኖርዌይ ውሻው ከመግባቱ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የኮሶ መድኃኒት በሐኪም መሰጠቱንም ይጠይቃሉ።

አሁን ከሁሉ ያቆየሁት። «ባለቤት የላትም» ብለሽኛል፤ ከዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ዘበኛ ገብቷል። እኛ አገር ጎዳና ላይ ከሚታየው ውሻ ብዙው ባለቤት ያለው ነው፤ ማሰሪያ የለውም እንጂ። አንዱ ፍርፋሪ ይሰጠዋል፣ ሌላው ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ይፈቅድለታል፣ እሱ ደግሞ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮህላቸዋል። ሕንፃ የሚጠብቅ ሰው ሌሊቱን ብቻውን ነው የሚያነጋው። ዳማ ለእሱ ፍርፋሪ የሚጥልላት ውሻ ትሁን ወይም የሥራ ባልደረባው፣ አንቺ በሦስት ሳምንት ጉብኝት ላታውቂው ትችያለሽ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለች ውሻ ቺፕ አስገብቼ፣ ከትቤ፣ ደም ልቀዳ በቀጠርኩበት ቀን አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አልተቆጡም። «እንዲያው የት እንደምትሄድ ልጠይቅ ብዬ ነው» አሉኝ። ያመጣት ልጅ ከእኔ ይበልጥ አፈረ። ውሻዋ አልሄደችም፤ ቺፗን ይዛ እዚያው ሕንፃ በር ላይ ናት፣ ልጁም የየዓመቱን ክትባት ከውጭ ይልክላታል።

ዘበኛው ሸኝቶ ከሰጠሽ ግን ውሰጃት፤ እኔ ከአንቺ ጋር ነኝ። መኪና አንዴ ገጭቷታል፣ ሁለተኛ ላይምራት ይችላል፤ በዚህ ከተማ በመርዝ ሥጋ የተጨረሱ ውሾችንም አይቻለሁ። መርዙ ራሱ የማይረባ ዘዴ ነው። የሥጋ ቤቱ አጥንትና የቆሻሻ ገንዳው እስካለ ድረስ በተገደለው ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ሬቢስ መተላለፉን ያቆማል ነው። እና ኅዳር 1 ወንድምሽ ዳማን ሲያመጣ፣ በራችሁ ላይ የሚተኙትን ሌሎቹንም ካመጣልኝ አብሬ እከትባቸዋለሁ፤ ለእነሱ ቺፕም ደም ምርመራም አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት ግን ወንድምሽን ዛሬ ማታ ወደ ዘበኛው ላኪው። ትሂድ ወይስ ትቅር ብሎ ይጠይቀው፤ ሌላም አንድ ነገር ይጠይቀው፦ እሱ ማን ብሎ እንደሚጠራት። አንቺ ዳማ ያልሻት ክረምት ላይ ነው፣ እሷ ግን ከዚያ በፊት ስም ሊኖራት ይችላል። ሲጠሯት ጆሮዋን የምታቆመው በየትኛው እንደሆነ ንገሪኝና ቅጹ ላይ እሱን እጽፋለሁ።